የአገር ስም አይታገድም፣ የሰው ሕይወትስ?

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊነኩ ስለማይገባቸው መብቶች

የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የአዋጅ ረቂቅ ጠረጴዛችሁ ላይ ሳይደርስ በፊት እንድታነቡት እፈልጋለሁ። ረቂቁ ከደረሰ በኋላ ማንም ለማንም አይሰማም። ሕገ መንግሥቱ እንደሚለው፣ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብላችኋል፤ ዕረፍት ላይ ከሆናችሁ በ15 ቀን ውስጥ። በዚያ ሰዓት አንድ ቦታ ከተማ ተይዟል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ሰው እየሞተ ነው። እጁን አውጥቶ “ይህ አንቀጽ ይስተካከል” የሚል አባል ለአገሩ ግድ የሌለው ተደርጎ ይታያል። ስለዚህ ነገሩ በሰከነ ጊዜ ቢታይ ይሻላል።

ከመስከረም 2009 ወዲህ በፌዴራል መንግሥት ስድስት ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። በመስከረም 2009 የኦሮሚያና የአማራ ተቃውሞ በበረታ ጊዜ፤ በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ በጠየቁ ማግስት፤ በመጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት፤ በጥቅምት 2013 በትግራይ፤ በጥቅምት 2014 በመላ አገሪቱ፤ በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል። በ2009 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሳይወስድ ስድስቱንም አይቷል። አንቀጽ 93 ከሕገ መንግሥቱ መጨረሻ አካባቢ ብዙ ሰው የማይደርስበት ቦታ ተቀምጧል፤ ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ከመብት ምዕራፉ የበለጠ የተሠራበት እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የምታውቁትን ሕግ ላነብላችሁ መነሳቴ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ቢሆንም ሦስት ቦታዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይኖርብኛል።

አንቀጽ 10 ንዑስ አንቀጽ 1፦ ሰብዓዊ መብቶችና ነጻነቶች ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጩ፣ የማይጣሱና የማይገፈፉ ናቸው። ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ የዜጎችና የሕዝቦች ሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች እንደሚከበሩ ይናገራል። ከዚያ አንቀጽ 14 ይመጣል፦ ማንኛውም ሰው ሰብዓዊ በመሆኑ የማይደፈርና የማይገሰስ በሕይወት የመኖር፣ የአካል ደህንነትና የነጻነት መብት አለው። “ዜጋ በመሆኑ” አላለም፤ “መንግሥት ስለፈቀደለት” አላለም። ሰው በመሆኑ ብቻ።

ሦስተኛው ቦታ አንቀጽ 93 ንዑስ አንቀጽ 4 ፊደል ሐ ነው። መንግሥት በአስቸኳይ ጊዜ ምንም ቢሆን ሊያግዳቸው ወይም ሊገድባቸው የማይችላቸውን ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 1፣ አንቀጽ 18፣ አንቀጽ 25 እና አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። ይኸው ነው። አንቀጽ 1 የአገሪቱ መጠሪያ ነው። አንቀጽ 18 ጭካኔን፣ ኢሰብዓዊ አያያዝንና ባርነትን ይከለክላል። 25 የእኩልነት ነው። 39 የብሔሮች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እስከ መገንጠል።

በዝርዝሩ ውስጥ በሕይወት የመኖር መብት የለም። ያለ ሕግ አለመታሰር የለም። የሃይማኖትና የሕሊና ነጻነት የለም። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት፣ ፖሊስ ሳያቀርበው ቢቀር ደግሞ አካሉን ነጻ ለማውጣት ለፍርድ ቤት አቤት የማለት መብት፣ ሁለቱም የሉም። ብዙ የሕግ ተማሪ ዝርዝሩን መጀመሪያ ሲያነብ የማተሚያ ቤት ስህተት ይመስለዋል። ቃል በቃል ከተነበበ፣ በአገራችን መንግሥት በክፉ ቀን የአገሪቱን ስም መለወጥ አይችልም፤ የዜጋውን በሕይወት የመኖር መብት ግን ማገድ ይችላል ማለት ነው።

እኔ ግን እንዲህ መነበብ አለበት ብዬ አላምንም። የደብዳቤዬም ጉዳይ ይኸው ነው።

ከፊደል ሐ አንድ መስመር ከፍ በሉና ፊደል ለን ተመልከቱ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እስከ ማገድ የሚደርስ ሥልጣን ያለው በምን ላይ ነው? “መሠረታዊ የፖለቲካና የዴሞክራሲ መብቶች” ላይ ነው፤ ያም ቢሆን አደጋውን ለማስወገድ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ። አሁን ወደ ምዕራፍ ሦስት ተመለሱ። ምዕራፉ በሁለት ክፍል ተከፍሏል። ክፍል አንድ ከአንቀጽ 14 እስከ 28 ሲሆን ርዕሱ “ሰብዓዊ መብቶች” ነው። ክፍል ሁለት ከአንቀጽ 29 ጀምሮ “ዴሞክራሲያዊ መብቶች” ይላል፤ ሐሳብን መግለጽ፣ መሰብሰብ፣ መደራጀት፣ መዘዋወር፣ መምረጥ፣ ንብረት። እንግዲህ አንቀጽ 10 ከተፈጥሮ የሚመነጩት ሰብዓዊ መብቶች ናቸው ካለ፣ ምዕራፉ ሰብዓዊውን ከዴሞክራሲያዊው ለይቶ ካስቀመጠ፣ አንቀጽ 93ም የማገድ ሥልጣን በፖለቲካና በዴሞክራሲ መብቶች ላይ ብቻ ከሰጠ፣ ሦስቱ አንድ ነገር ይናገራሉ። መንግሥት በአደጋ ጊዜ ሰልፍ ሊከለክል፣ የሰዓት እላፊ ሊያውጅ፣ ጋዜጣ ሊገድብ ይችላል። ለሰው ሰው በመሆኑ ብቻ የሚገቡት ነገሮች ላይ ግን እጁ አይደርስም፤ ያልሰጠውን አይነሳምና።

“እንዲህ ከሆነ 18 እና 25 ክፍል አንድ ውስጥ እያሉ ለምን በፊደል ሐ ተለይተው ተዘረዘሩ?” የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉ ማለፍም አይገባም። እኔ የምረዳው ሕግ አውጪው ማሰቃየትንና በማንነት መለየትን ደግሞ ደጋግሞ ለመከልከል ፈልጎ ነው ብዬ ነው፤ ደርግ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። ይህን መልስ የማይቀበለኝ ሰው ቢኖር አልቀየመውም። ሁለት ንባብ ሲኖር ግን የትኛው ይመረጥ የሚለውን ራሱ ሕገ መንግሥቱ መልሶታል። አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 2 የመብት ምዕራፉ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ሰነዶች ጋር በሚጣጣም መንገድ እንዲተረጎም ያዛል። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 4 በሕይወት የመኖር መብት፣ የሃይማኖትና የሕሊና ነጻነት፣ በሕግ ፊት እንደ ሰው የመታወቅ መብት በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ እንደማይታገዱ ይናገራል። በ1990 የተቀበልነው የአፍሪካ ቻርተር ደግሞ መብት የሚታገድበት አንቀጽ ጭራሽ የለውም። በአንቀጽ 9 መሠረት ሁለቱም የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ያለ መብት እንዲሻሻል አንቀጽ 105 የሚጠይቀውን ታውቃላችሁ። የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ በድምፅ ብልጫ፣ እናንተ በሁለት ሦስተኛ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ። አንድ ክልል ብቻ “አይሆንም” ቢል በሕይወት የመኖርን መብት ከሚደነግገው ከአንቀጽ 15 አንድ ቃል አይነካም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአንድ ስብሰባ፣ እናንተ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያንኑ አንቀጽ ለስድስት ወር ማገድ ትችላላችሁ፣ ከዚያም በየአራት ወሩ ሳይገደብ ማደስ ትችላላችሁ ብሎ መከራከር ለበሩ ሦስት ቁልፍ ሠርቶ ግድግዳውን ክፍት መተው ነው።

ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ ቢሆን ባላስቸገርኳችሁ ነበር።

በ2009 በወጣው አዋጅ የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድ ራሱ ከ20 ሺህ በላይ ሰው መታሰሩን ለሕዝብ ተናግሯል። የእስር ካምፖቹን አዋሽ ሰባትንና ጦላይን ያኔ ነው ብዙ ቤተሰብ በስም ያወቀው። መመሪያው እጅን ከራስ በላይ አጣምሮ ማሳየትን ሳይቀር ከልክሎ ነበር፤ ኢሳትና ኦኤምኤን የተባሉትን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ማየትንም እንዲሁ። በጥቅምት 2014 ሲታወጅ ደሴና ኮምቦልቻ ከመንግሥት እጅ ወጥተው ነበር፤ አደጋው እውነት እንደነበር እቀበላለሁ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአዲስ አበባ እስሩ በብሔር ማንነት ላይ የተመሠረተ እንደሚመስል፣ ከተያዙት መካከልም አረጋውያንና ሕፃናት የያዙ እናቶች እንዳሉ አስታውቋል። ልብ በሉ፣ የእኩልነት መብት፣ አንቀጽ 25፣ ከማይታገዱት ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። እስረኛው ግን መብቴ ተጣሰ ብሎ የሚናገርበት ችሎት አልነበረውም። የማይታገድ መብት ዳኛ ከሌለው በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ፍርድ ቤት የመቅረብን መብት ያገደ አዋጅ የቀሩትንም መብቶች በእጅ አዙር አግዷቸዋል።

ያ ጊዜ ስንቅ ቋጥሮ ከጣቢያ ጣቢያ የዞረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። “እዚህ የለም” ይባላል። የት እንዳለ አይነገርም። ሁለተኛ ጣቢያ ሲኬድ “ትናንት ወስደውታል” ይባላል። በየትኛው ሕግ ብሎ የጠየቀ ሰው “አዋጅ ነው” የሚል አጭር መልስ ያገኛል። ፖሊሱም ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቀው ነገር የለም።

ጥር 20 ቀን 2016 በአማራ ክልል በመራዊ ከተማ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን ማረጋገጡን በየካቲት ገልጿል። እናንተ አዋጁን ለተጨማሪ አራት ወር ያራዘማችሁት ጥር 24 ነው፤ ከግድያው በአራተኛው ቀን። ታውቁ ነበር እያልኩ አይደለም። ነገር ግን አንቀጽ 93 መርማሪ ቦርድ ያቋቋመው፣ ማራዘሚያ ሲጠየቅም ቦርዱ አስተያየቱን ለእናንተ እንዲያቀርብ ያዘዘው፣ እንዲህ ያለውን ነገር ሳታውቁ እጅ እንዳታወጡ ነው።

ከመካከላችሁም አንድ ምሳሌ አለ። በአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ተመርጠው ምክር ቤት የገቡት አቶ ክርስቲያን ታደለ በሐምሌ 2015 አዋጁ በታወጀበት ሰሞን ታሰሩ። ያለመከሰስ መብታቸውን ምክር ቤቱ ያነሳው ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። በፖለቲካቸው መስማማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለእናንተ የሰጠው ልዩ ጥበቃ ይህን ያህል ከሳሳ፣ የሊስትሮው ጥበቃ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በአገራችን የድሮ ሰው መንገድ ላይ “በሕግ አምላክ!” ሲባል ይቆም ነበር። ያስቆመው ሰው ሹም መሆን አልነበረበትም፤ እረኛም ይሁን ባልቴት ሕጉን ከጠራ ይበቃል። ያው ሕዝብ ደግሞ “ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ” ብሎ ይተርት ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ቤት አብረው ኖረዋል፤ የዘመናዊ ሕጋችንም ታሪክ ከዚህ ትግል አልወጣም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ለተገዥው አንዳንድ መብት ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ በጦርነትና በሕዝብ መከራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በበላይ ሥልጣናቸው የሚወስዱትን እርምጃ ይህ ሁሉ አያግደውም ብሎ ዘጋው። የ1948ቱ በአንቀጽ 43 ያለ ሕግ ሥርዓት የማንም ሕይወት፣ ነጻነት ወይም ንብረት አይወሰድም አለ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ያን ሕገ መንግሥት አገደው። ኅዳር 14 ሌሊት ስድሳ ያህል ሰው ያለ ፍርድ ተረሸነ። በእገዳውና በጥይቱ መካከል ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ነው ያለፈው።

የደርግ ባለሥልጣናት በኋላ ለፍርድ ቀርበው በ1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲባሉ፣ በጉዳዩ ከተነሱት ክርክሮች አንዱ ደርግ ራሱ ባወጣቸው አዋጆች የፖለቲካ ቡድኖች የነበራቸው የሕግ ከለላ ተነስቶ ነበር የሚል ነው። ችሎቱ በአብላጫ ድምፅ አልተቀበለውም። ደግ አደረገ። መብት ከመንግሥት እጅ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ክርክር ያሸንፍ ነበር፤ የሰጠ መንሳት ይችላልና፣ ደርግም በዘመኑ መንግሥት ነበርና። እነዚያን ሰዎች ጥፋተኛ ማለት የቻልነው ከየትኛውም አዋጅ በፊት የነበረ፣ የትኛውም አዋጅ ሊሽረው የማይችል ነገር አለ ብለን ስላመንን ነው። በደርግ ላይ የፈረድንበትን ሚዛን አሁን በራሳችን አዋጅ ላይ ማሳረፍ ከከበደን፣ ያ ፍርድ የአሸናፊ ፍርድ ነበር ለሚሉት መልስ አይኖረንም።

“አገር ከፈረሰ መብት የት ይኖራል?” የሚለውን ክርክር ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ፤ ምክንያቱም የሚያነሱት ሰዎች ሁልጊዜ ሥልጣን የራባቸው አይደሉም። ቤታቸው የተቃጠለ፣ ልጃቸው የታገተ ሰዎችም ይሉታል። ነገር ግን በሕይወት የመኖር መብት አይታገድ ማለት ወታደር አይተኩስ ማለት አይደለም። በውጊያ ላይ ያለ ታጣቂን የጦርነት ሕግ ራሱ ይመለከተዋል። የተከለከለው ከቤቱ ተጎትቶ የወጣን፣ እጁን የሰጠን፣ መታወቂያ የተጠየቀን ሰው መግደል ነው። ይህን በመከልከል የፈረሰ አገር አላውቅም። ስለ 48 ሰዓቱ ደግሞ፣ በጦርነት ቀጠና ዳኛ በሁለት ቀን ላይገኝ ይችላል፤ ጥቂት ቀን ይጨመር ቢባል እኔ አልጮኽም። ጥብቅ አንባቢ በዚህ ይቆጣኛል፤ ይቆጣ። ጥቂት ቀን ግን ቁጥር ይኑረው። አዋጁ እስኪያበቃ ድረስ የሚቆይ እስር የቀን ቁጥር የለውም።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይህን ቁጥር ጽፈውታል። በደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 በአስቸኳይ ጊዜ የተያዘ ሰው ስሙና የተያዘበት ቦታ በአምስት ቀን ውስጥ በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል፤ ቢዘገይ በ10 ቀን ፍርድ ቤት እስሩን ይመረምራል፤ የመረጠው ሐኪምና ጠበቃ ይጠይቁታል። የማይታገዱት መብቶች በሰንጠረዥ ተቀምጠዋል፤ ሕይወትና ሰብዓዊ ክብር ሙሉ በሙሉ አይነኩም። በኬንያ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በወጣው ሕገ መንግሥት፣ አዋጁ ያለ ፓርላማ ከ14 ቀን አያልፍም፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት ወር በላይ አይራዘምም፤ ከመጀመሪያው ማራዘሚያ በኋላ ሁለት ሦስተኛ አይበቃም፣ ሦስት አራተኛ ድምፅ ይጠየቃል። አዋጁ ትክክል ነው አይደለም የሚለውንም ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ሊወስን ይችላል። እኛ ዘንድ ሁለተኛውም አምስተኛውም ማራዘሚያ እኩል ድምፅ ነው የሚፈልገው፤ ዳኛም የለበትም።

ሕገ መንግሥት ማሻሻል ረጅም መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቀጽ 93 ከመብት ምዕራፉ ውጭ ስለሆነ መንገዱ ትንሽ ያጥራል፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይበቃል። ሐሳቡን ለማመንጨትም የእናንተ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በቂ ነው። በፊደል ሐ ውስጥ አንቀጽ 14፣ 15፣ የሃይማኖትና የሕሊና ነጻነት የሆነው 27 እና ቢያንስ አካልን ነጻ ለማውጣት አቤት የሚባልበት የአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 እንዲገቡ ጀምሩት።

እስከዚያ ድረስ ግን ምንም ማሻሻያ የማያስፈልገው ሥራ በእጃችሁ ነው። አዋጁ ያለ እናንተ ድምፅ አይጸናም። የሚቀጥለው ረቂቅ ሲቀርብላችሁ በሕይወት የመኖር መብትና አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ በዚህ አዋጅ አይታገዱም የሚል አንድ አንቀጽ ካልገባበት አታጽድቁት። የተያዘ ሰው ሁሉ የት እንዳለ ለቤተሰቡ እንዲነገር፣ በቁርጥ ቀን ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ጻፉበት። የታሰሩትን ሰዎች ስምና ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ የመርማሪ ቦርዱ ግዴታ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ አስቀድሞ ጽፎታል፤ በዜና የሚነገረን ግን ብዙውን ጊዜ ቁጥር ነው። ሙሉ የስም ዝርዝሩ ሳይወጣ የመጣ የማራዘሚያ ጥያቄን በአጀንዳ አትያዙ። ከሰባቱ የቦርድ አባላት መካከልም ከምክር ቤቱ ውጭ ያሉ የሕግ ባለሙያዎች እንዲበዙ አድርጉ።

ይህ የሚቻል አይመስለንም የምትሉ ካላችሁ የራሳችሁን ቃለ ጉባኤ ተመልከቱ። የካቲት 23 ቀን 2010 ያን ዓመት የታወጀው አዋጅ ለድምፅ ሲቀርብ 88 አባላት ተቃውመዋል፣ 7 ድምፅ ተአቅቦ አድርገዋል። ሁሉም መቀመጫ በአንድ ግንባርና በአጋሮቹ በተያዘበት ምክር ቤት ነው ይህ የሆነው። አዋጁ ጸደቀ፤ ነገር ግን ስድስት ወሩ ሳይሞላ በግንቦት መጨረሻ ተነሳ።

ለዚህ ደብዳቤ የግል መልስ አልጠብቅም። ጉዳዩን ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ እንድትመሩትና በግልጽ መድረክ እንዲታይ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
በጥብቅና ሙያ ላይ ያለ አንድ ዜጋ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለፌዴሬሽን ምክር ቤት
ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ
ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን